በሰው ዘፈን መቀለድ ይቻላል ወይ?

ባለፈው ሰሞን አንድ የ78 ዓመት አዛውንት የልጅ ልጃቸውን አስከትለው ቢሮዬ መጡ፡፡ ሰውየው የዘፈን ግጥም ደራሲ ናቸው፤ በካሴቱ ዘመን ሦስት አራት ድምፃውያን ግጥሞቻቸውን ተጫውተውላቸዋል፡፡ ስማቸውንም የዘፈኑንም ርዕስ እንዳልጠቅስ ስለለመኑኝ አልጠቅስም፡፡ ወንድማቸው በ1970 ዓ.ም. ወደ ኦጋዴን ዘምቶ በዚያው ቀረ፡፡ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በትዝታ የሚዜም ግጥም ጻፉለት፤ ዘፈኑም ወጥቶ በጊዜው ብዙ ሰው አስለቀሰ፡፡ ዘንድሮ ደግሞ ይኸው ዘፈን በአንድ የሠርግ አዳራሽ ውስጥ በጉራግኛ ምት ተመታ፤ ቪዲዮውም ከስልክ ወደ ስልክ እየዞረ ነው፡፡

ቪዲዮውን የልጅ ልጃቸው ከፈተችልኝ፡፡ ዘፋኙ ጥቁር ሱፍ የለበሰ ወጣት ነው፡፡ መጀመሪያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ለቅሶ ቤት የገባ ይመስል በረዥሙ ያንጎራጉራል፡፡ ከዚያ ኪቦርዱና ከበሮው ድንገት ይፈነዳሉ፡፡ ከግጥሙ አንዲት ቃል አልተነካችም፤ ዜማውም ያው ነው፤ ምቱ ብቻ ተለውጧል፡፡ ሚዜዎቹ ይዘላሉ፣ ዘመድ ያጨበጭባል፤ ዘፋኙ ግን ያንን ሐዘንተኛ ፊቱን ለአፍታም አይፈታም፡፡ ቀልዱ ያለው እዚያ ላይ ነው፡፡ ሳላስበው ሳቅሁ፡፡

«አንተም ሳቅህ» አሉኝ፡፡ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በእጃቸው ከለከሉኝ፡፡ «አይዞህ ልጄ፣ እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ፡፡ የተናደድኩት ከሳቅኩ በኋላ ነው፡፡ ጉራግኛ ጠልቼ እንዳይመስልህ፤ በገዛ ሠርጌ ጨፍሬበታለሁ፡፡ ግን እኮ የሞተው ወንድሜ ነው፡፡ ልክሰሳቸው እችላለሁ ወይስ አልችልም?»

አንድ ሳምንት ጠየቅኋቸው፡፡ ጠበቃ አንድ ሳምንት ሲል ሁለት ማለቱ እንደሆነ እርሳቸውም ያውቃሉ፡፡ እነሆ በዚያ ሁለት ሳምንት ያገላበጥኩትን ለአንባቢም ላካፍል፤ ምክንያቱም ጉዳዩ የአንድ አዛውንት ጉዳይ ብቻ አይደለም፡፡

የታወቀን ዘፈን ባልታሰበ የሙዚቃ ስልት ተጫውቶ ሰው ማሳቅ በሌላው ዓለም ራሱን የቻለ እንጀራ ነው፡፡ አሜሪካዊው ዊርድ አል ያንኮቪክ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የዘመኑን የሮክና የፖፕ ዘፈኖች እየሰበሰበ፣ አኮርዲዮኑን አንግቶ፣ በፖልካ ጭፈራ እየቀጣጠለ ሲያቀርብ ኖሯል፡፡ ሄይሲድ ዲክሲ የሚባሉት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2001 የኤሲ/ዲሲን ጆሮ የሚያደነቁር ሮክ በገጠር ባንጆ አሳትመው ገበያ አገኙ፡፡ የሌድ ዜፕሊንን ዘፈኖች በሬጌ የሚጫወት፣ መሪ ድምፃዊው እንደ ኤልቪስ ፕሪስሊ የሚለብስ ቡድንም ነበር፡፡ በነዚህ ሁሉ ውስጥ ቃሉና ዜማው ሳይለወጥ ልብሱ ብቻ ይለወጣል፤ ልብሱ ለሰውነቱ ስለማይሆን ሰው ይስቃል፡፡

ነገሩ ግን ሁልጊዜ የዋህ ጨዋታ አይደለም፡፡ ፓት ቡን የተባለውን ነጭ አሜሪካዊ ድምፃዊ እንውሰድ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1955 የጥቁሩን ሙዚቀኛ የፋትስ ዶሚኖን አንድ ዘፈን ለነጭ ቤተሰብ ሳሎን እንዲስማማ አለሳልሶ ተጫወተና ከባለቤቱ ቅጂ በላይ ወጥቶ የሰንጠረዡን አናት ያዘ፡፡ ያኔ ያንን ማንም ቀልድ አላለውም፤ ንግድ ነበር፡፡ ያው ሰው እ.ኤ.አ. በ1997፣ በስተርጅና፣ የሄቪ ሜታል ዘፈኖችን በትልቅ የጃዝ ባንድ አስቀንቅኖ አልበም አወጣ፤ በአንድ የሽልማት ዝግጅት ላይም ጥቁር ቆዳ ለብሶ ብቅ አለ፡፡ ይኼ ግልጽ ቀልድ ነበር፡፡ የሚገርመው ግን በዚህኛው የተቆጡት የራሱ ሃይማኖተኛ አድናቂዎች ናቸው፤ በክርስቲያን ቴሌቪዥን ያዘጋጀው የነበረው ፕሮግራም እስከ መሰረዝ ደረሰ፡፡ የሰውን ዘፈን ስልት መለወጥ አንዴ መቀማት፣ አንዴ ማሳቅ፣ አንዴ ደግሞ ራስን ማዋረድ ሆኖ የሚታየው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ነው ማለት ነው፡፡

ታዲያ እነዚህ ሁሉ ሰዎች ለምን አልተከሰሱም? መልሱ ቀልድ ስለሆነ አይደለም፡፡ የአሜሪካ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ የግዴታ ፈቃድ የሚባል ነገር አለው፡፡ ራሱን የሚጫወት ፒያኖ በተስፋፋበት ዘመን አንድ ኩባንያ የሙዚቃ አሳታሚዎችን መብት በውል ጠቅልሎ ገበያውን እንዳይዝ ተፈርቶ የወጣ ነው፡፡ ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፤ አንድ ዘፈን በባለቤቱ ፈቃድ አንዴ ታትሞ ለሕዝብ ከተሰራጨ በኋላ፣ ማንኛውም ሰው ባለቤቱን ደጅ ሳይጠና፣ ማስታወቂያ ሰጥቶና በሕግ የተቆረጠውን ዋጋ ከፍሎ በራሱ ድምፅ መቅዳት ይችላል፡፡ ዋጋው በአንድ ቅጂ 2 ሳንቲም ሆኖ ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2022 ድረስ 9.1 ሳንቲም ነበር፤ በ2023 ወደ 12 ሳንቲም ከፍ ብሏል፡፡ ገንዘቡ የሚገባው ለግጥምና ለዜማ ደራሲው እንጂ ለመጀመሪያው ድምፃዊ አይደለም፡፡ ዶሚኖ የዘፈኑ ተባባሪ ደራሲ ባይሆን ኖሮ ከፓት ቡን ሽያጭ ሰባራ ሳንቲም አያገኝም ነበር፡፡

ሕጉ ቀጂው ዘፈኑን ከራሱ ስልት ጋር እንዲያስማማ ይፈቅድለታል፡፡ ወዲያው ግን አንድ ገደብ ያስቀምጣል፤ መሠረታዊ ዜማውን ወይም የሥራውን ዋና ጠባይ መለወጥ አይቻልም ይላል፡፡ እንግዲህ የሐዘን ዘፈን ማስጨፈሪያ ሲሆን ዋና ጠባዩ ተለወጠ ወይስ አልተለወጠም? እኔ ተለውጧል እላለሁ፡፡ የባንጆና የፖልካ ኢንዱስትሪው ግን አልተለወጠም ብሎ ሲኖር ይኸው ስንት ዓመቱ፡፡ ሌላም ችግር አለ፤ ፈቃዱ ለድምፅ ቅጂ እንጂ ለቪዲዮ አይሠራም፡፡ የአዛውንቱ ዘፈን ደግሞ የሚዞረው በቪዲዮ ነው፡፡

ግጥሙ ሲነካ መንገዱ ሌላ ነው፡፡ ሕግ ያጠና ሁሉ የሚያውቀው ጉዳይ የቱ ላይቭ ክሩ ነው፡፡ እነዚህ የማያሚ ራፐሮች እ.ኤ.አ. በ1989 የሮይ ኦርቢሰንን የ1964 ዝነኛ ዘፈን «ኦ፣ ፕሪቲ ዉማን»ን ወስደው፣ የባሱን መነሻ እንዳለ አስቀርተው፣ ያችን መንገድ ላይ የታየች ቆንጆ ወደ ሌላ ዓይነት ሴት ለወጧት፡፡ አስቀድመው ፈቃድ ጠይቀው፣ እንከፍላለን፣ ስማችሁንም እንጠቅሳለን ብለው ነበር፤ አከፍ-ሮዝ የተባለው አሳታሚ አይሆንም አለ፡፡ እነርሱም አወጡት፤ ወደ ሩብ ሚሊዮን ከተሸጠ በኋላ ክስ መጣ፡፡ በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ረቱ፣ በይግባኝ ተረቱ፤ በመጨረሻም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መጋቢት 7 ቀን 1994 እ.ኤ.አ. በሙሉ ድምፅ የይግባኙን ውሳኔ ሻረው፡፡

ዳኛ ዴቪድ ሱተር የጻፉት ውሳኔ ሁለት ነገሮችን ለይቷል፡፡ የተወሰደውን ሥራ ራሱን የሚተች ቀልድ ከሥራው መበደሩ የግድ ነው፤ የምትቀልድበትን ነገር ሳታሳይ መቀለድ አይቻልምና፡፡ የሰውን ሥራ መሣሪያ አድርጎ በሌላ ነገር ላይ የሚቀልድ ግን ለምን እንደተበደረ ተጨማሪ ምክንያት ማቅረብ አለበት፡፡ ቀልዱ የዋናውን ሥራ ገበያ በነቀፋው ቢገድልበት እንኳ ሕግ አይቆጥረውም፤ የሚቆጥረው በምትኩ ቢሸጥበት ነው፡፡ ፈቃድ ተጠይቆ መከልከሉም በቀላጁ ላይ አይያዝበትም፡፡ (ለነገሩ ጉዳዩ ወደ ታች ተመልሶ ተከራካሪዎቹ ተስማምተው ነው የዘጉት፡፡ ቱ ላይቭ ክሩም በመጨረሻ ፈቃዱን በውል ወሰዱ፡፡ ይህን ብዙ መምህር አይነግርም፡፡)

ለኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ዳኛ አንተኒ ኬኔዲ በውሳኔው ተስማምተው ለብቻቸው የጻፉት አጭር አስተያየት ነው፡፡ ኬኔዲ የፈሩት ልክ ይቺን የሠርግ ቤት ቪዲዮ ነው ማለት ይቻላል፡፡ ማንኛውም የታወቀ ዜማ በአዲስ ስልት ሲሰማ እንዲያው በራሱ ያስቃል አሉ፤ የቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ በራፕ ቢቀርብ ብሎ ማሰቡ ብቻ ፈገግ እንደሚያሰኝ በምሳሌ አነሱ፡፡ ሰው ስለሳቀ ብቻ ፓሮዲ ነው ካልን፣ ማንም የሰው ዘፈን በሌላ ምት ቀድቶ «በዋናው የዋህነት ላይ መቀለዴ ነው» እያለ ያመልጣል፤ የደራሲው መብትም ባዶ ይቀራል የሚል ነበር ሥጋታቸው፡፡ ጥያቄያቸው ቀልዱ በዋናው ዘፈን ላይ ነው ወይስ ዘፈኑን ይዞ በሌላ ነገር ላይ የሚል ነው፡፡ ያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 አንዲ ዋርሆል ከአንዲት ፎቶ አንሺ ሥራ ተነስቶ በሠራው የሙዚቀኛው የፕሪንስ ምስል ጉዳይ ላይ 7 ለ2 ሲወስን ይህንኑ መስመር አጥብቆታል፤ አዲስ መልክ መስጠት ብቻውን አይበቃም፣ ለመበደር ምክንያት ያስፈልጋል ብሏል፡፡ ይኸው ፕሪንስ በሕይወቱ ሳለ ዊርድ አል ያንኮቪክ ለፓሮዲ ፈቃድ በጠየቀው ቁጥር ይከለክለው የነበረ ሰው ነው፡፡ ያንኮቪክ ደግሞ ሕግ ሊፈቅድልኝ ይችላል ሳይል ሁልጊዜ ይጠይቃል፤ እምቢ ሲባልም ይተዋል፡፡

በኬኔዲ ሚዛን የሠርጉ ቪዲዮ ምን ይሆናል? ወጣቶቹ በአዛውንቱ ግጥም ላይ የሰነዘሩት ትችት የለም፡፡ በሠርግ ላይ ትዝታ እየጋበዙ እንግዳውን በሚያስቆዝሙ ዘፋኞች ላይ እየቀለዱ ነው ቢባል እንኳ ያ ስለ ልማድ እንጂ ስለዚህ ዘፈን አይደለም፡፡ ስለዚህ አሜሪካ ቢሆን በፓሮዲ አያመልጡም፡፡ አውሮፓ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፡፡ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2014 በአንድ የቤልጂየም ፖለቲከኛ የካርቱን ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ፓሮዲ ዋናውን ሥራ የሚያስታውስ፣ ከርሱ በግልጽ የሚለይና ቀልድ ያዘለ ከሆነ ይበቃል፤ ቀልዱ በሥራው ላይ እንዲሆን ግዴታ የለም ብሏል፤ የደራሲውንና የቀላጁን ጥቅም የመመዘኑን ሥራ ለአገር ውስጥ ዳኛ ትቶ፡፡ ወጣቶቻችን ብራስልስ ቢሆኑ ኖሮ የተሻለ ጠበቃ ሊያገኙ ይችሉ ነበር፡፡

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ፡፡ እኛ ስንማር የደራሲ መብት ሕጋችን በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ የታጨቁ ጥቂት አንቀጾች ነበሩ፡፡ ዛሬ በ2007 ዓ.ም. የተሻሻለው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለን፡፡ አንቀጽ 7 ሥራን የማቀናበርና ወደ ሌላ ዓይነት የመለወጥ መብትን ለባለቤቱ ይሰጣል፡፡ አንቀጽ 8 የኢኮኖሚ መብቱን የሸጠ ደራሲ እንኳ ስሙ እንዲጠቀስለትና ሥራው ክብሩንና ዝናውን በሚጎዳ መንገድ እንዳይለወጥበት የመቃወም መብት እንዳለው ይደነግጋል፡፡ ይህ ለአዛውንቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ግጥሙን በዘመኑ ወግ ለካሴት አሳታሚ በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጠውታል፡፡ ከዚያ የተለዩ ሁኔታዎች ይከተላሉ፤ ለግል መገልገያ መቅዳት፣ መጥቀስ፣ ማስተማር፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ዜና፡፡ ፓሮዲ የሚል ግን የለም፡፡ ዋጋው በሕግ ተቆርጦ፣ ማስታወቂያ ሰጥቶ፣ ከፍሎ የሰው ዘፈን የሚቀዳበት መንገድም አላገኘሁበትም፡፡ አዋጁ በ1996 ዓ.ም. ሲወጣ ሆን ብሎ መብት ለጣሰ ያስቀመጠው ቅጣት ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነበር፡፡ በወረቀት ካየነው በየሠርጉ የሰው ዘፈን በራሱ ምት የሚጫወት ባንድ ሁሉ አቃቤ ሕግ ስላልመጣበት ብቻ ነው ቤቱ የሚያድረው፡፡

ይህን ሁሉ ለአዛውንቱ ሳስረዳ ዝም ብለው ሰሙኝና እንዲህ አሉ፤ «አሜሪካ ቢሆን በድምፅ ሲቀዱት ላስቆማቸው አልችልም፣ ግን ይከፍሉኛል፡፡ እዚህ ላስቆማቸው እችላለሁ፣ ግን የሚከፍለኝ የለም፡፡ እንደዚህ ነው?» ከኔ የሁለት ሳምንት ንባብ የተሻለ ማጠቃለያ ነበር፡፡ ልክ ነው፣ ካሳ መጠየቅ ይቻላል ብዬ ለማረም ሞከርኩ፤ የክርክሩን ዓመታት ሳሰላ ግን ዝም አልኩ፡፡

የአገራችን ቀልድ መሠረቱ ቃል እንጂ ምት አይደለም፡፡ ካዛንቺስ ሳይፈርስ አዝማሪ ቤት ያመሸ ሰው ያውቀዋል፤ ዜማው የጋራ ነው፣ ማሲንቆው ያው ነው፣ ታዳሚው ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በሰምና ወርቅ የጠገበውንም ያልከፈለውንም ይሸነቁጣል፡፡ እዚያ ቤት የዜማው ባለቤት ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፡፡ እንደዚህ ያለ ልማድ ያለን ሕዝብ ለፓሮዲ አንዲት ንዑስ አንቀጽ የሌለው ሕግ መያዛችን ይገርመኛል፡፡ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን በሥነ ጥበብ መልክ የመግለጽ ነፃነትን ያውቃል፤ አንድ ቀን አንድ ኮሜዲያን በአንድ ባለሥልጣን ተወዳጅ ዘፈን ላይ ይቀልድና በቅጂ መብት ስም ይከሰሳል፤ ያኔ የምንይዘው ይህንኑ አንቀጽ ብቻ ነው የሚሆነው፡፡ እኔ ይበልጥ የምፈራው ይህንን ነው፡፡ የደራሲ መብት የተከፋ ባለሥልጣን ወይም የተከፋ ነጋዴ አፍ መዝጊያ ሲሆን በሌላ አገር ታይቷል፡፡

ስለዚህ አዋጁ እንደገና ሲሻሻል ፓሮዲ ይግባ ባይ ነኝ፤ ግን በብራስልሱ ሳይሆን በኬኔዲው ልክ፡፡ በሥራው ወይም በባለቤቱ ላይ የሚቀልድ ፈቃድ አይጠየቅ፡፡ ምቱን ለውጦ የሚያስጨፍር ግን ይክፈል፤ የሚከፍልበት የታወቀ ዋጋና የሚከፍልበት መስኮት ይኑር፡፡ ባለቤቱ ይፈልገው የነበረውን ክልከላ እንደሚያጣ አውቃለሁ፤ ጥቂት የማልላቸው የሙያ ወዳጆቼም በዚህ አይስማሙም፡፡ የግጥም ደራሲው ሐዘን በታሪፍ ይለካል ወይ ይሉኛል፡፡ አይለካም፡፡ የአንቀጽ 8 የሞራል መብት ሳይነካ መቆየት ያለበት ለዚሁ ነው፤ ነገር ግን ስልት መለወጥ ሁሉ ክብር መንካት ነው ከተባለ ደግሞ በትዝታ የተቀነቀነ ሁሉ በትዝታ ይሙት ማለት ይሆናል፡፡ ዳኛው የት ላይ ይቆማል? እኔም እርግጠኛ አይደለሁም፡፡

መቸኮል የሚያስፈልግበት ምክንያትም አለ፡፡ ዛሬ ባንድ አያስፈልግም፤ ሱኖና ዩዲዮን የመሰሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያዎች በጽሑፍ ያዘዝካቸውን ስልት በደቂቃ ውስጥ ቀንቅነው ያቀርባሉ፡፡ ትልልቆቹ የሙዚቃ ኩባንያዎች ሁለቱንም እ.ኤ.አ. በጁን 2024 ከሰዋቸው፣ ከክሶቹ አንዳንዶቹ በ2025 መጨረሻ በፈቃድ ስምምነት ተዘግተዋል፡፡ ድርድሩ ላይ የተቀመጡት ካታሎግና ጠበቃ ያላቸው ናቸው፡፡ በካሴት ዘመን ግጥም ሸጦ ቤቱ የተቀመጠ ሰው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ወንበር የለውም፡፡

አዛውንቱ በመጨረሻ አልከሰሱም፡፡ ደብዳቤ እንድጽፍ ብቻ ፈቀዱልኝ፤ ስማቸው ይጠቀስ፣ ከዘፈኑ ገንዘብ ከተገኘ ይነገራቸው የሚል፡፡ ደብዳቤው በደረሰ በሦስተኛው ቀን ጥቁር ሱፍ የለበሰው ልጅ ራሱ ደወለ፡፡ ደራሲ እንዳለው አላወቅንም ነበር፣ የድሮ የሕዝብ ዘፈን መስሎን ነው አለ፡፡ እሑድ ዕለት ከኪቦርዲስቱ ጋር ሆኖ ቤታቸው ሄደ፡፡ የልጅ ልጃቸው እንደነገረችኝ ይቅርታ ጠይቀዋል፣ ቡና ጠጥተዋል፤ አዛውንቱም ስለ ወንድማቸው ነግረዋቸው፣ መጀመሪያ በዝግታው አንዴ ዝፈንልኝ ብለውት ዘፍኖላቸዋል፡፡ ጉራግኛውን ተዉት አላሉም፡፡ አሁን ውል አርቅቅልን ብለው ሁለቱም ወገኖች እኔው ላይ ጥለውታል፤ የክፍያው አንቀጽ ላይ ስደርስ መቶኛውን ከየት አምጥቼ እንደምሞላው ስላላወቅሁ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ፡፡